መድኃኒቱ ተገኘ፤ ማን ያድርሰው?

በስብ ተጠቅልሎ ስለሚሰጠው የካላዛር መድኃኒትና ከደጋ ወደ ቆላ ስለሚወርደው ወዛደር

የተከዜ ወንዝ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ሥር፣ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ ነው። በምንጩ አካባቢ ሳለ እረኛ በቀላሉ የሚሻገረው ቀጭን ጅረት ነው። ወደ ታች በወረደ መጠን ግን ከግራና ከቀኝ ውሃ እየጨመረ፣ የሰሜንን ደጋ በጥልቅ ሸለቆ እየሰነጠቀ ይሄድና በመጨረሻ ከሑመራ ሜዳ ደርሶ ወደ ሱዳን ይሻገራል። የደጋው ወጣትም በየዓመቱ ወደዚያው ቆላ ይወርዳል። በክረምት ለአረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ እርሻዎች የሚወርደው ወዛደር በመቶ ሺህ የሚቈጠር ነው።

ከእነዚህ ሠራተኞች አብዛኛው የድካሙን ዋጋ ቋጥሮ በደኅና ወደ አገሩ ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ከገንዘቡ ጋር ያልቋጠረውን ነገር ይዞ ይመጣል። ቤቱ ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ትኩሳት ይጀምረዋል። ቤተ ሰቡ «ወባ ነው» ይላል፤ የወባ መድኃኒትም ይሰጠዋል። ትኩሳቱ ግን ለጊዜው በረድ ቢል እንኳ ተመልሶ ይመጣል። ሰውነቱ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ በግራ ጎኑ በኩል ጣፊያው እያበጠ ሆዱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ ካላዛር የሚባለው በሽታ ነው። ሕክምና ካላገኘ ከአንድ መቶ በሽተኞች ውስጥ ከ95 የሚበልጡት በዚሁ ይሞታሉ።

ይህን ስንል ለካላዛር መድኃኒት የለውም ማለታችን አይደለም። ፈዋሽ መድኃኒት ከተገኘለት አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን መድኃኒትን ማግኘትና መድኃኒትን ከበሽታው ቦታ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ይወደሳል፤ ሁለተኛው ግን ይዘነጋል። የካላዛር ታሪክ ከብዙ በሽታዎች ይልቅ ይህን ጉዳይ አጕልቶ ያሳያልና፣ አንባቢዎቻችን በተለይም ተማሪዎችና በየወረዳው የተመደቡ ወጣት ሠራተኞች እንዲያስቡበት ከዚህ በታች እናብራራለን።

ጠላት በዘበኛው ቤት

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ በሽታው በሰው ሰውነት ውስጥ የት እንደሚያድር ማወቅ ያስፈልጋል።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ነፍሳት ናት። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፣ ስትበርም ድምፅ የላትም። በሰሜን ምዕራብ ቆላ የምትገኘው ዘር በበጋ በሚሰነጠቀው የዋልካ አፈር ውስጥና ግራር በበዛበት ቦታ መኖር ትወዳለች። የቀን ሠራተኛው ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ከቤት ውጭ፣ ብዙ ጊዜም ከግራር ሥር ይተኛል። ስለዚህ ዝንቧና የምትነክሰው ሰው የሚገናኙት በአንድ መኝታ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ዝንቧ ስትነክስ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ከሰውየው ቆዳ ውስጥ ትጥላለች። ሰውነታችን እንዲህ ያለ ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያስወግድለት ዘበኛ አለው። ይህ ዘበኛ ማክሮፋጅ የሚባለው ሕዋስ ሲሆን፣ ሥራው የገባውን ተውሳክ ውጦ በውስጡ መፍጨት ነው። ሌሎች ብዙ ተውሳኮች በዚህ ዘበኛ ሆድ ውስጥ ያልቃሉ። የካላዛር ተውሳክ ግን ተውጦ አይሞትም፤ እንዲያውም ከዘበኛው ሆድ ውስጥ ተመቻችቶ ይራባል። ሕዋሱ ሲፈነዳ ልጆቹ ይበተናሉ፤ እነርሱንም ሌሎች ዘበኞች ይውጧቸዋል። እንዲህ እያለ ዘበኞቹ በብዛት ወደሚገኙባቸው ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ወደ መቅኔ ይዛመታል።

ይህን ተውሳክ ለዓለም የገለጡት እ.ኤ.አ. በ1903 ሁለት የሕክምና ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዊልያም ሊሽማን በካልካታ አቅራቢያ ዱም ዱም ከተባለው ሰፈር ታምሞ የሞተን ወታደር ጣፊያ መርምሮ አገኘው፤ ሁለተኛው ቻርልስ ዶኖቫን በማድራስ ከበሽተኞች ወስዶ አየው። ስለዚህ ተውሳኩ በሁለቱም ስም ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ተብሎ ተጠራ።

እንግዲህ የሐኪሙ ችግር ይህ ነው። ሌባው የተደበቀው በመንገድ ላይ ሳይሆን በዘበኛው ቤት ውስጥ ነው። መድኃኒትን በደም ሥር መልቀቅ በከተማው መንገድ ሁሉ ወታደር እንደ ማሰማራት ያለ ነው፤ ጥፋት የሌለባቸው መንገደኞች ይንገላታሉ፣ ሌባው ግን በር ዘግቶ ይቀመጣል።

መድኃኒትም መርዝም የሆነ ነገር

የመጀመሪያው የካላዛር መድኃኒት አንቲሞኒ ከተባለው ማዕድን የተሠራ ነው። አንቲሞኒ ከጥንት ዘመን ጀምሮ ለዓይን ኩል ይሆን የነበረ ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ የተባለው የካልካታ ሐኪም ከዚህ ማዕድን ዩሪያ ስቲባሚን የተባለ መድኃኒት አዘጋጅቶ በሕንድ አገር እጅግ ብዙ ሕይወት አዳነ። ከዚያ በኋላ የተሻሻለው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት እስካሁንም በምሥራቅ አፍሪካ ይሠራበታል።

ይሁን እንጂ አንቲሞኒ ከዘበኛው ሕዋስ የሚገባው ሌላውን ሰውነት ሁሉ ካዳረሰ በኋላ ነው። በሽተኛው ለ30 ቀን በየቀኑ ሲወጋ ሥቃዩ ብርቱ ነው፤ መድኃኒቱም ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። በበሽታው ብዛት እጅግ የደከመ ሰው ወይም ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው በበሽታው ሳይሆን በመድኃኒቱ ምክንያት ሊሞት ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ቆላ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት ከካላዛር በሽተኞች መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ኤች አይ ቪ ይገኝበት ስለ ነበረ ነገሩ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም የጤና ድርጅት አንቲሞኒን ፓሮሞማይሲን ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ለ17 ቀን መስጠትን ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። የሕክምናው ጊዜ በግማሽ ያህል አጠረ፤ መርዛማነቱ ግን ጨርሶ አልቀረም።

ሌላው ብርቱ መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ ነው። ይህ በ1950ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት አጋማሽ በቬኔዝዌላ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ የወጣ ነው። የሚሠራውም የተውሳኩን የውጭ ሽፋን በመብሳት ነው፤ ሽፋኑ የተበሳ ተውሳክ በውስጡ ያለው ይፈስሳል፣ ይሞታልም። ነገር ግን ይኸው መድኃኒት በኩላሊት ሕዋሳት ላይም ብርቱ ጉዳት ያደርሳል፤ በሽተኛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኵሰዋል። ስለዚህ ሐኪሞች በጥቂት በጥቂቱ፣ ለአንድ ወር ያህል፣ ኩላሊቱን እየመረመሩ ከመስጠት በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

ስለዚህ የሊቃውንቱ ጥያቄ «ከዚህ የበረታ መድኃኒት ከወዴት እናምጣ?» የሚለው መሆኑ ቀርቶ «ያለውን ብርቱ መድኃኒት ኩላሊትን ሳይነካ ከዘበኛው ሕዋስ ውስጥ እንዴት እናስገባው?» የሚል ሆነ።

የስብ ከረጢት

መልሱ የመጣው መድኃኒት ሲሠራ ካልነበረ ሰው ነው። በ1960ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት አሌክ ባንግሃም የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በካምብሪጅ አጠገብ በሚገኘው በባብራሃም ተቋም ውስጥ ከእንቍላል አስኳል የሚገኘውን ዓይነት ስብ በውሃ ውስጥ እየበጠበጠ በኤሌክትሮን ማጕያ መነጽር ይመለከት ነበር። ስቡ በራሱ ጊዜ እየተጠቀለለ፣ ውሃ በውስጡ የያዘ የተዘጋ ከረጢት ሲሆን አየ።

ምክንያቱን ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ስብ እያንዳንዱ ሞለኪውል ውሃን የሚወድ ራስና ውሃን የሚሸሽ ጅራት አለው። ከውሃ ውስጥ ሲገቡ ጅራቶቹ እርስ በርሳቸው ተሸሽገው ራሶቹ ወደ ውሃው ይዞራሉ። እንዲህም ሁለት ድርብ የሆነ ግድግዳ ይሠራሉ። የሰው ልጅ ሕዋስ ሽፋንም የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ይህ ከረጢት ሊፖሶም ተባለ፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ «የስብ አካል» ማለት ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሪጎሪ ግሪጎሪያዲስ የተባለው ሳይንቲስትና የሥራ ጓደኞቹ በሎንዶን ይህን ከረጢት የመድኃኒት መጫኛ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ይሁን እንጂ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው። ከረጢቱ ከደም ውስጥ ሲገባ የሰውነት ዘበኞች ባዕድ ነገር ነው ብለው ቶሎ ይውጡታል፤ በጣፊያና በጉበትም ይከማቻል። ለካንሰር ወይም ለሌላ ሕመም መድኃኒት ለሚያደርስ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ለካላዛር ግን የሚፈለገው ራሱ ይህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚገኙ ልዩ ልዩ ተመራማሪዎች ይህን አስተውለው የአንቲሞኒን መድኃኒት በስብ ከረጢት ጠቅልለው ለታመሙ የሙከራ እንስሳት ሰጡ። ያልተጠቀለለው መድኃኒት የሚሠራውን ሥራ በመቶ እጥፍ ባነሰ መጠን ሠራው። ተውሳኩ ያደረበት ሕዋስ ራሱ መድኃኒቱን ጎረሰ፤ ሌባው የተደበቀበት ቤት ባለቤት በሩን ለፖሊሱ ከፈተለት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አምፎቴሪሲን ቢም በዚሁ ዓይነት ተጠቅልሎ ተዘጋጀ። አምቢዞም በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1990 በአውሮፓ፣ በ1997 ደግሞ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ከረጢቱ ከአኩሪ አተር ከሚገኝ ስብ፣ ከኮሌስትሮልና ከሌላ አንድ የስብ ዓይነት የተሠራ ሲሆን፣ መድኃኒቱ የሚቀመጠው በግድግዳው ውስጥ ነው። የአንዱ ከረጢት ስፋት ከ100 ናኖ ሜትር በታች ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ስለዚህ አንዲት የጠጕር ዘለላ ስፋት ላይ አንድ ሺህ ያህል ከረጢቶች ጎን ለጎን ሊደረደሩ ይችላሉ። ዛሬ ናኖ ቅንጣት እየተባለ ብዙ የሚነገርለት ነገር ይህን የመሰለው ነው።

ጥቅሙም ቶሎ ታየ። ያልተጠቀለለው አምፎቴሪሲን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1 ሚሊግራም ያህል ሲሰጥ ኩላሊትን ያስጨንቅ ነበር። የተጠቀለለው ግን 5 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ሲሰጥ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው።

ይኸው አሳብ ዛሬ በብዙ መልክ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለኮቪድ 19 ከተሰጡት ክትባቶች አንዳንዶቹ የሚሰባበረውን መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሸፈኑት በስብ ቅንጣት ነው። በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ከሚሟሟ ነገር በተሠሩ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ የታሸጉ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ አንድ ጊዜ ተወግተው ለአንድ ወርና ከዚያም በላይ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ደም ይለቀቃሉ።

አድራሻው ሲለወጥ

የላስታ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ጥያቄ ማቅረቡ አይቀርም። በወሎና በጎንደር ደጋ «ቁንጭር» የሚባለውን የቆዳ ሕመም የማያውቅ የለም። ፊት ላይ፣ በአፍንጫ፣ በጕንጭ ወይም በከንፈር ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ሲድንም ጠባሳ ይተዋል። ይህም ከካላዛር ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ተውሳክ የሚያመጣው ነው፤ ስሙም ሊሽማኒያ ኤትዮፒካ ይባላል።

ቁንጭር እንደ ካላዛር ከቆላ የሚመጣ አይደለም። የደጋ በሽታ ነው። ተውሳኩ በገደልና በዋሻ በሚኖረው ሽኮኮ ሰውነት ውስጥ ይኖራል፤ ከሽኮኮው ወደ ሰው የምታሻግረውም በዚያው ገደል የምትራባ የአሸዋ ዝንብ ናት። ይህን ለማወቅ ከደከሙት መካከል በእንዶድ ምርምሩ ዓለም የሚያውቀው ሊቅ አክሊሉ ለማ ይገኝበታል። እርሱና የሥራ ባልደረቦቹ ስለ ደጋው የቆዳ ሊሽማኒያሲስ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ተውሳኩ ዘመድ ከሆነ፣ በዘበኛው ሕዋስ ውስጥ የሚያድር ከሆነ፣ አምቢዞም ለቁንጭርስ ለምን እንደዚያው አይሆንም? መልሱ ከፍ ብለን ከተናገርነው ላይ ይገኛል። የስብ ከረጢቱ ከደም ሥር ሲገባ በብዛት የሚከማቸው በጉበትና በጣፊያ ነው። ካላዛር የሚኖረው እዚያው ስለ ሆነ ጭነቱ ከአድራሻው ይደርሳል። ቁንጭር ግን የሚኖረው ከቆዳ ላይ ነው፤ ወደ ቆዳ የሚደርሰው መድኃኒት ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ በደሴ አቅራቢያ እንደሚገኘው እንደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች ለቁንጭር የሚሰጠው ሕክምና በአብዛኛው ሌላ ነው፤ አንቲሞኒን በቍስሉ ዙሪያ ወይም በጡንቻ መውጋት፣ ቍስሉንም በብርድ ማቃጠል የመሳሰለው ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መጫኛው ሁሉን በሽታ የሚፈታ ጥበብ አይደለም። ደብዳቤ የሚደርሰው በአድራሻው ነው፤ አድራሻው ሲለወጥ መልእክተኛውም መለወጥ አለበት። በኢትዮጵያ በየዓመቱ በቆዳ ሊሽማኒያሲስ የሚያዘው ሰው ከ20,000 እስከ 50,000 እንደሚደርስ የሚገመት ስለ ሆነ፣ ወደ ቆዳ የሚያደርስ መጫኛ መፈለግ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቅርብ ጉዳይ ነው። የመድኃኒት ጥናትና የኬሚስትሪ ተማሪ የምትሠራውን ላጣ ይህ ሰፊ እርሻ ነው።

የጋንጅስ ልክ ለተከዜ አልበቃም

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በሕንድ አገር በቢሃር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሙከራ አምቢዞም ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም ሒሳብ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ከመቶው በሽተኛ 95 ያህሉን አዳነ። በሽተኛው በማግስቱ ወደ ቤቱ መሄድ ቻለ ማለት ነው። ባንግላዴሽም ይህንኑ ሕክምና በሰፊው ሠርታበት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ካላዛርን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ያስወገደች የመጀመሪያዋ አገር መሆኗን የዓለም የጤና ድርጅት አረጋገጠላት።

ይህን የሰማ ሰው «እኛም እንዲሁ እናድርግ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በጎንደር፣ በአርባ ምንጭና በሱዳን በካሳብ ሆስፒታል የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሙከራ የተለየ ውጤት አሳየ። እዚህ 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ የተሰጣቸው በሽተኞች ከስድስት ወር በኋላ ሲመረመሩ ድነው የተገኙት ከመቶ 58 ብቻ ነበሩ። 3 ሚሊግራም ለሰባት ጊዜ የተሰጣቸው ግን ከመቶ 85 ዳኑ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከረጢቱ አንድ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ተውሳክ ግን በዘሩ ከሕንዱ ይለያል። በጋንጅስ ዳር የተሰፋ ልብስ ለተከዜ ሰው ጠበበው።

በዚህ ምክንያት ተስፋ ከመቍረጥ ይልቅ ሙከራው ቀጠለ። ኤች አይ ቪና ካላዛር በአንድነት ለያዛቸው በሽተኞች በጎንደርና በአብደራፊ አዲስ ሙከራ ተደረገ። አምቢዞም ብቻውን ለአንድ ወገን፣ አምቢዞም ሚልቴፎሲን ከተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር ለሌላው ወገን ተሰጠ። ተውሳኩ ያልጠፋላቸው ሕክምናው እንዲደገምላቸው ተደርጎ በ58ኛው ቀን ሲታይ፣ ሁለቱን በአንድነት ከወሰዱት ከመቶ 88፣ አምቢዞምን ብቻ ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 55 ከተውሳኩ ነጽተው ተገኙ። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ፤ በ2022 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት በዚህና በሕንድ በተደረገው ጥናት ተመሥርቶ መመሪያውን ለወጠ። ልብ ይሏል፤ ጎንደርና አብደራፊ ላይ የተኙ ድኾች ወዛደሮች የሰጡት ማስረጃ ለዓለም ሐኪሞች መመሪያ ሆነ።

ከሕዋሱ በፊት ያለው መንገድ

እስካሁን የተናገርነው መድኃኒቱ ከደም ሥር ተነሥቶ እስከ ሕዋሱ ድረስ ስለሚሄደው መንገድ ነው። ይህ መንገድ በሊቃውንት ጥበብ ተጠርጓል። ከዚህ በፊት ያለው፣ ማለትም ከፋብሪካው እስከ በሽተኛው ክንድ ድረስ ያለው መንገድ ግን ገና ብዙ ጥርጊያ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ዋጋውን እንመልከት። በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ያለው 50 ሚሊግራም መድኃኒት ነው። ኤች አይ ቪ ለያዘው በሽተኛ በመመሪያው የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ በጠቅላላው 30 ሚሊግራም ነው። በሕመም ከስቶ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1,500 ሚሊግራም፣ ማለትም 30 ብልቃጥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለድኾች አገሮች በተደረገው ልዩ ቅናሽ እንኳ የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ 20 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ ለአንድ ወዛደር 600 ዶላር ያስፈልግ ነበር። ሰሊጥ አጭዶ የሚያድር ሰው ይህን ከየት ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ2011 አምራቹ ጊሊያድ የተባለው ኩባንያ በዓለም የጤና ድርጅት በኩል 445,000 ብልቃጥ በስጦታ ለመስጠት ቃል ገባ፤ በ2016ም ስጦታውን አደሰ። ስጦታ መልካም ነው፤ የሰጪ እጅ ሲታጠፍ ግን የተቀባይ መደርደሪያ ባዶ ይቀራል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ብልቃጡ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ በረዶም ሊሆን አይገባውም። የላሊበላ አየር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ካላዛር ያለበት የመተማና የሑመራ ሙቀት ግን በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የከረጢቱ ግድግዳ ስብ መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ምክንያቱን አያጣውም። ሙቀት ያበላሸው ከረጢት መድኃኒቱን ከአድራሻው ሳያደርስ በመንገድ ይበትናል። ስለዚህ የመብራት መስመር የማይቋረጥበት ጤና ጣቢያ፣ ሙቀቱንም በየቀኑ የሚጽፍ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የሕክምናው ክፍል ናቸው።

ሦስተኛው አሰጣጡ ነው። ዱቄቱ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ በደንብ ተንጦ፣ ተጣርቶ፣ በግሉኮስ ውሃ ተቀጥኖ በደም ሥር ይንጠባጠባል። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው የጨው ውሃ ግን ከእርሱ ጋር ሊቀላቀል አይገባም። ይህን የማያውቅ እጅ ያን ሁሉ የሊቃውንት ድካም በአንድ ደቂቃ ያበላሸዋል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው በሽታውን በጊዜ ማወቅ ነው። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ በሚገኘው በሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ሰዎች በትኩሳት ሲሞቱ በመጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ወር ገደማ ነገሩ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ከ2,000 የሚበልጡ በሽተኞች ታከሙ። ወደ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ታመሙ። ከሑመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ተውሳኩን ይዘው መጥተው፣ የአገሩ የአሸዋ ዝንብ እንዳስፋፋችው ይታመናል። ይህ ወረዳ ከላሊበላ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄድ በሽተኛ አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ የሚያቋርጠው አገር ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማእከል አለ፤ ነገር ግን ከዚያ ለመድረስ በሽተኛው በመጀመሪያ «ይህ ወባ ላይሆን ይችላል» የሚለው ሰው ማግኘት አለበት።

ከወጣቱ ሠራተኛ ምን ይጠበቃል?

በወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በእርሻ መሥሪያ ቤት የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ናኖ ቅንጣት መሥራት አይጠበቅበትም። ሊያደርገው የሚችለው ግን ብዙ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ፣ ከጥቂት ወራት በፊት ከመተማ ወይም ከሑመራ የተመለሰ ሰው ሲያገኝ «ቆላ ወርደህ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በጥቂት ደቂቃ የሚታይ ምርመራ አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ አንዳንድ በሽተኞችን ሊያልፋቸው ስለሚችል ጥርጣሬው ከበረታ ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል። ወደ ቆላ ለሚወርዱትም አጎበር እንዲይዙ፣ ከግራር ሥር ከመተኛት እንዲጠነቀቁ፣ ሲመለሱም ትኩሳት ከያዛቸው የት ሠርተው እንደ ነበር ለሐኪም እንዲነግሩ አስቀድሞ መምከር ይቻላል። ይህን ለመምከር የሚመቸው ወቅት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሰኔ ሲገባ፣ ወጣቱ ስንቁን ቋጥሮ ከመነሣቱ በፊት ነው።

የሳይንስ ሰዎች ተውሳኩ ካደረበት ሕዋስ ውስጥ መድኃኒት ለማግባት ከባንግሃም ብልቃጥ ጀምሮ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ደከሙ። ለመጨረሻዋ የናኖ ሜትር ጕዞ ይህን ያህል ከተደከመ፣ ከጎንደር እስከ ላስታ ላለው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሰነፍን ብንባል ምክንያት አይኖረንም። ባለፈው መኸር ከቆላ የተመለሰው የጎረቤታችሁ ልጅ በዚህ ሳምንት «ወባ ተነሣብኝ» ብሎ ተኝቶ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ የግራ ጎኑን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።